ፍትሐት ያልተደረገለት ብስክሌተኛ

አባቴ መጀመሪያ የሞተ ጊዜ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሁለተኛውን በኋላ እነግራችኋለሁ፤ አትቸኩሉብኝ። ወሬ ሲያቋርጡኝ አልወድም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ፣ ጣሊያን ጀምሮት የሄደው ጥርጊያ መንገድ ወደ ገደሉ ከሚታጠፍበት አፋፍ ላይ ነበር። እዚያ ነፋስ ዕረፍት የለውም። ነፋሱ ዝም ያለ ቀን ደግሞ ጉሙ ከገደሉ ውስጥ ተነሥቶ በረቱን፣ አጥሩን፣ ቤቱን አንድ በአንድ ይውጣል። ልጅ ሆኜ ጉሙ ከየት እንደሚመጣ ስጠይቅ እናቴ ተዋበች "ገደሉ ሲተነፍስ ነው" ትለኝ ነበር። አመንኳት። ለምን አላምናት?

አባቴ አስማረ በጉብዝናው ኢየሩሳሌም ሊሳለም ከመነኮሳት ጋር ወጥቶ ነበር። ከዚያ የግሪክ መነኮሳት ለሥራ ይዘውት ቆጵሮስ ወደምትባል ደሴት ተሻገሩ። ተራራ ላይ ባለ ገዳም አድሮ፣ ደብዳቤና ዳቦ በብስክሌት እያመላለሰ ብዙ ዓመት ኖረ። በአሥመራ በኩል አገሩ ሲገባ ያችኑ ብስክሌት ይዞ መጣ። አገሬው እሱን "እንኳን ደህና ገባህ" ማለቱን ትቶ ብስክሌቷን ከቦ ቆመ አሉ። ዓይን የላት፣ ሆድ የላት፣ ሣር አትበላ፤ ግን ሰው ተሸክማ ትሮጣለች። አንዳንዱ አማተበ።

"በርናባስ የተወለደባት አገር ናት" ይላል አባቴ ስለ ደሴቷ ሲያወራ፣ ቄሶቹ እንዳይቀየሙት። "ባሕር መካከል የተተከለች ተራራ በሏት። መንገዷ እንደ በግ አንጀት ይጠማዘዛል። በበዓል ቀን ጎበዞቹ ከባሕሩ ዳር ይነሡና እስከ ተራራው ራስ በብስክሌት ይሽቀዳደማሉ።"

"አንተስ?" ትለዋለች እናቴ፣ መልሱን እያወቀች።

"እኔማ የጋይንት ልጅ! ዳገት ሊያስተምሩኝ ነው? ሽቅብ ሲሆን አንድም የሚቀድመኝ የለም። ቁልቁለቱ ላይ ግን እብዶች ናቸው፣ እዚያ ጣሉኝ።"

አንድ ቀን እኔንም ፊት ለፊቱ ብረቱ ላይ ጋቢ አጣጥፎ አስቀመጠኝ። ስንወርድ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጆሮዬ ነፋስ ሞላ፣ ፍሬኑ ጎማውን ሲይዝ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እግሩን ከመርገጫው ሲያሳርፍ የኋላው ጎማ ቅጭ ቅጭ ቅጭ ይላል። ስንመለስ ትንፋሹ ማጅራቴን እያሞቀው "ዳገት ላይ ጫፉን አትይ፤ ከጎማው ፊት ያለውን ድንጋይ ብቻ እይ። ያኔ ትደርሻለሽ" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀምጫለሁ፤ አውቶቡስ፣ መኪና፣ አንድ ጊዜም አውሮፕላን። እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጠላ በተጠጣበት ሁሉ ግን ሰው የሚያስደግመው ሌላ ወሬ ነበር። ደሴቷ ላይ አንድ መታጠፊያ አለ፤ አንድ ጎበዝ በጉም ሲጋልብ እዚያ ገደል ገብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በጉም ያን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ከኋላው የሌላ ጎማ ድምፅ ይሰማል፤ ዞሮ አያይም። "አንተስ ሰምተሃል?" ይሉታል። አባቴ ጠላውን ይጎነጭና ዝም ይላል። ኧረ እንዴት ያስፈራ ነበር ያ ዝምታው!

እኔ በልጅ ልቤ ነገሩን አስልቼ ጨርሼ ነበር። በባሕር ተሻግሮ የሚኬድበት፣ ወይን የሚበቅልበት፣ መነኮሳት የሚኖሩበት፣ ሙታን በብስክሌት የሚሮጡበት ተራራ ከሞት በኋላ የሚኬድበት አገር ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? አባቴ ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ።

የዚያን ዓመት ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ንጉሤ በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ቆላ ወርዷል። የሟቹ ወንድም ደምሌ ይባላል። "ገዳዩ ካልተገኘ ደሙ ወደ ታላቁ ይዞራል" ሲሉ ሰማሁ። "ደሙ ይጮኻል" ሲሉም ሰማሁ። ይሄኛው እንቅልፍ ነሣኝ። የተጣሉበት እርሻ ሄጄ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጠፍኩ። እውነት ነው፣ ከታች አንድ ነገር ዱብ ዱብ ይላል። እየጮኽኩ ወደ ቤት ሮጥኩ። የሰማሁት የገዛ ጆሮዬን የደም ሥር እንደነበረ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የሞተ ሰው ከመሬት በታች ሆኖ አባቴን ሲጠራው ሰምቻለሁ ብዬ ማልኩ።

ደምሌን ደግሞ ወደድኩት! መታጠፊያው ላይ ካለው ቋጥኝ ሥር፣ መሣሪያውን በጋቢው ሸፍኖ፣ አባቴ በሚያልፍበት ሰዓት ሁሌ ተቀምጦ አየዋለሁ። ማዕድ ላይ ሆነን "አባየ፣ ደምሌ ብስክሌት ማየት እንዴት ይወዳል መሰለህ! ሁልጊዜ መታጠፊያው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል" አልኩት። አባቴ ጉርሻውን መለሰው። እናቴ አየችው፣ እሱም አያት። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ስላልገባኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ሳምንት አልሞላም፣ አባቴ ሞተ።

ጉም ያለበት ጠዋት ነበር። የእናቴ ወንድም አጎቴ ተሻገር እየጮኸ መጣ። ብስክሌቷ ከገደሉ ከንፈር ላይ ተጋድማ ተገኝታለች፤ "ስደርስ ጎማዋ ገና ይሽከረከር ነበር" አለ። የአባቴ ነጠላ ከታች ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሬሳ የለም። ያ ገደል ደግሞ የዋጠውን አይመልስም። እንግዲህ ጎማዋን በእጁ ያሽከረከራት ራሱ አጎቴ እንደነበረ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ለቅሶው ደመቀ። በአገራችን ደንብ ወንድ ሲሞት ፈረሱ ግላስ ለብሶ፣ መሣሪያው ተጭኖበት ለቅሶው መካከል ይዞራል። አባቴ ፈረስ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተነጋገሩና "ፈረሱስ ይቺው አይደለችም?" አሉ። ብስክሌቷን ግላስ አለበሷት፤ ካባውን ጣል አደረጉባት፤ አጎቴ መሪዋን ይዞ በለቅሶው መካከል አዞራት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ አልቃሿ

ገለባ የማይበላ ፈረስ አምጥቶልን፣
ጌታው ገደል ገባ፣ ፈረሱ ቀረልን

ስትል፣ ብስክሌቷ ካባ ለብሳ ያለ ሰው ቅጭ ቅጭ እያለች በፊቴ አለፈች። ሰው የተቀመጠባት መሰለኝ። ደምሌ ከዳር ቆሞ ነበር፣ መሣሪያውን ዘቅዝቆ። ብዙ አያትና "ሞት ቀደመኝ" ብሎ ሄደ። እናቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ እንደከደነች ዋለች። ሐዘኑ እንባዋን አደረቀው አልኩ። ያቺ ሴት ውሸት አታውቅበትም ነበርና ፊቷን ቢያዩት ያበቃ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀረ፤ ፍትሐት። መምሬ ቀለመ ወርቅ የንስሐ አባታችን "ሬሳ ሳይገኝ አልፈታም" አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ሆኜ ለእናቴ ቀስ ብለው ሲነግሯት ሰማኋቸው፦ "ተዋበች፣ በሰው ፊት ዝም ልበልልሽ። በመንበሩ ፊት ግን አልችልም። በዚህ አታስገድጂኝ።"

እንግዲህ ይሄን የሰማች ልጅ ምን ትበል? አባቴ ሊፈታ የማይችል ኃጢአት ሠርቷል አልኩ። ፍትሐት ያልተደረገለት ነፍስ ማረፊያ እንደሌለው፣ መንገድ ለመንገድ እንደሚንከራተት ደግሞ ማንም የአገሬ ልጅ ያውቃል። መምሬ እግዚአብሔርን ላለመዋሸት የተናገሩት ቃል ለእኔ አባቴን መንፈስ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ ነው ፍርሃቱ የመጣ። እናቴ ሊመሽ ሲል፣ ጉም ሲወርድ፣ አገልግል ይዛ ወደ አፋፉ ትሄዳለች። ተከትያት አየሁ። አገልግሉን በጠፍር አስራ ወደ ገደሉ ለቀቀችው። ትጠብቃለች። ከታች አንድ ነገር ጠፍሩን ጎተት ያደርገዋል። ስትስበው አገልግሉ ባዶውን ይመጣል። ገደሉ እንጀራ ይበላል! "እማ፣ ለማን ነው?" ብላት፣ ደንግጣ "ለአዕዋፍ ነው" አለችኝ። በጉም ውስጥ እንጀራ በወጥ የሚበላ ወፍ አላውቅም። ከአፋፉ በታች ዋሻ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ነገሩን ለምን እንደደበቁኝ ላስረዳችሁ። ጎረቤታችን እትየ ዓለምጸሐይ የምትባል ነበረች። ለእኔ ከእናቴ ቀጥላ የምወዳት ሴት ናት። ባለፍኩ ቁጥር ሽምብራ ቆሎ በእፍኝ ትሰጠኝና "የኔ እመቤት፣ ትናንት ቤታችሁ ማን መጣ? እናትሽ የት ዋለች?" ትለኛለች። የሚያናግረኝ ትልቅ ሰው በማግኘቴ እየኮራሁ ሁሉን እዘከዝክላታለሁ። የደምሌ አክስት ናት። ይሄንን ሁሉም ያውቅ ነበር፣ ከእኔ በቀር። ቤቷ እንዳልሄድ ቢከለክሉኝ ደግሞ "ምን ደብቀው ነው?" ትል ነበር። የአባቴ ሕይወት በእኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ምላሴ ደግሞ ሽምብራ ትወዳለች።

አንድ ጠዋት እናቴ እሳት ጠፋ ብላ ገል አስያዘችኝና ፍም እንዳመጣ ወደ እትየ ዓለምጸሐይ ላከችኝ። ሌላ ጊዜ እዚያ ስሄድ ቀን እስኪሞቅ ስለምቆይ ነው የላከችኝ። የዚያን ቀን ግን እትየ ለጸሎት ቸኩላ፣ ፍሙን ሰጥታ ቶሎ ሸኘችኝ። ጉሙ ወፍራም ስለነበር የገሉን ፍም እያየሁ ነው የተመለስኩት። አጥራችን ጋ ስደርስ ቅጭ ቅጭ ሰማሁ።

ቆሞ ነበር። ብስክሌቷን ይዟታል። ጢሙ አድጓል፤ ፊቱም ልብሱም በዋሻ አቧራ አመድ መስሏል። ከወገቡ በታች በጉም ተሸፍኗል። "የሻረግ" አለኝና እጆቹን ዘረጋ።

ገሉ አልወደቀብኝም፤ ይሄ እስከዛሬ ይደንቀኛል። በአንዱ እጄ እሱን ይዤ በሌላው የአንገቴን መስቀል አወጣሁ። መምሬ ጠበል ቦታ ርኩስ መንፈስ ሲያስለቅቁ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ጥያቄውን በቃሌ አውቀዋለሁ።

"በስመ አብ! ማነህ? ተናገር!"

"ልጄ፣ እኔ እኮ..." አለና ዓይኑ ገሉ ላይ አረፈ። "ያን ፍም ከማን ቤት ነው ያመጣሽው?"

"ከእትየ ዓለምጸሐይ።"

የተዘረጉት እጆቹ ቀስ ብለው ወረዱ። እኔ ባሰብኝ፣ "ተናገር ብዬሃለሁ! ማነህ?" ብዬ ጮኽኩ።

"የአስማረ ነፍስ ነኝ" አለ።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ልጄን ላያት ነው የመጣሁ።"

"አይተሃል! አሁን ልቀቅ!"

"እለቃለሁ።"

"እንዳትመለስ ማል!"

ወደ እኔ ተራመደ። መዳፉን መስቀሉ ላይ፣ በጣቶቼ ላይ አደረገው። ቀዝቃዛ ነበር። "በዚህ መስቀል፣ አንቺው ራስሽ ሳትጠሪኝ ላልመለስ" አለ።

መምሬ የሚሉት አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። መንፈስ ሲለቅ ይጮኻል፤ ካልጮኸ አልለቀቀም። "ጩህ!" አልኩት።

ጮኸ። አፋፉን፣ ገደሉን፣ ሆዴን የሞላ ጩኸት ጮኸ። ከዚያ ብስክሌቷ ላይ ወጣና ቁልቁል ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ቅጭ ቅጩ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እናቴ ከበሩ ኋላ ሆና ሁሉን ሰምታለች፤ እንዳትጮኽ ነጠላዋን እንደነከሰች አገኘኋት። ያ ጩኸት የማስመሰል እንዳልነበረ የገባኝ እኔም ልጅ ወልጄ ነው።

በማግስቱ ለእትየ ዓለምጸሐይ ሳልነግራት እቀራለሁ? ደረቴን ነፍቼ "የአባየን መንፈስ አባረርኩት! ፈረሱን ይዞ ሄደ፣ ላይመለስም ማለ!" አልኳት። ቆሎው ከእጇ ተበተነ። የሕፃን አፍ አይዋሽም፣ ብስክሌቷም በእርግጥ ከቤታችን የለችም፤ ፍትሐትም አልተደረገለትም። ሲመሽ ወሬው ደምሌ ዘንድ ደረሰ። እውነቱን ብነግራት ኖሮ አባቴን በሳምንቱ እናለቅሰው ነበር፣ ያውም በሬሳው።

ደምሌ ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነም። ጉም በወረደ ቁጥር ከኋላው የጎማ ድምፅ እሰማለሁ ይል ጀመር። መታጠፊያው ላይ መቀመጥ ተወ። ገበያ ሲሄድ ያን መንገድ ትቶ በጥሻ ይዞራል። ዓመት አልፎት ከሳና፣ ጧፍና ዕጣን ይዞ መምሬ ቀለመ ወርቅ ደጅ ወደቀ፦ "አባ፣ ለአስማረ ፍትሐት ያድርጉለትና ይረፍ፤ እኔም ልረፍ።"

መምሬ ብዙ አሰቡ አሉ። "ልጄ፣ ይሄን ነፍስ የሚፈታው የእኔ ጸሎት አይደለም" አሉት። "አንተ ደሙን ስትምርለት ያርፋል። እስከዚያ ማንም ቄስ ሊፈታው አይችልም።" ቃሉ ውስጥ አንድም ውሸት የለበትም፤ እኒያ ሰውዬ እንዲህ ናቸው። ደምሌም በሽማግሌ ፊት፣ በታቦቱ ስም፣ የአስማረን ወገን ደም ማርኩ ብሎ ማለ።

አባቴ ያን ጊዜ ሁመራ ሰሊጥ ያጭዳል። ምሎ በጉሙ ከሄደ ወዲህ ጋይንት ተመልሶ አያውቅም። እንግዲያ ደምሌ ከኋላው የሰማው ምን ነበር? ስንቱን ጠየቅሁ፤ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሲላክበት መጣ፣ ግን ከአጥቢያችን ወንዝ ማዶ ቆመ። "ለልጄ ምያለሁ" አለ። እናቴ እያለቀሰች ሁሉን ነገረችኝ፤ ዋሻውን፣ አገልግሉን፣ ሁሉን። አላመንኳትም። ወንዙ ዳር ወሰዱኝ። ማዶ ቆሞ የሚያየኝ ጠይም ከሲታ ሰው ያ በጉሙ ያየሁት ነው። ሕዝቡ ሁሉ አፌን ያያል። ደምሌ ከሰው መካከል ሆኖ ደጋግሞ ያማትባል። ፈራሁ፤ ወደ ቤት ሮጬ መደበቅ አማረኝ። ማዶ ያለው ሰው ግን አልጠራኝም፣ እጁንም አልዘረጋም። መሬት መሬቱን አይቶ ቆመ።

"አባየ፣ ና" አልኩት።

ከነልብሱ ወንዙ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት እስኪቀራቸው ድረስ ኖረ። ግን ልንገራችሁ፣ ፍርሃቱ ከሰውነቴ አልወጣም። ልቤ አባቴ መሆኑን ያውቃል፣ ጀርባዬ አያውቅም። ድንገት ከኋላዬ ሲመጣ ሳላስበው እጄ ያማትባል፤ እሱ ያየኛል፤ ሁለታችንም እናፍራለን። አንድም ቀን በዚህ ተቀይሞኝ አያውቅም። ይልቅ ልማድ አበጀ፦ ወደ እኔ ሲመጣ ከሩቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ "እህም" ይላል። በሕይወት ያለ ሰው እየመጣ ነው ማለቱ ነው። ተድሬ ንፋስ መውጫ ከገባሁ በኋላም ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከደጅ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ሁለተኛውን ሞት በአልጋው ላይ ሞተ፣ በንዳድ። መምሬ ቀለመ ወርቅ አርጅተው በሰው ተደግፈው መጡና ፍትሐቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው አደረሱ። አንዲት ቃል አልቀረችም። ደምሌም መቃብሩን ቆፈረ። ነፍሱ እንዳረፈ ማንም አይጠራጠር፤ እኔም አልጠራጠርም።

ተዝካሩን ባወጣን ሰሞን፣ ባሌ ገበያ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። ቀኑ ገና አልመሸም። ነፋሱ ዝም አለ፣ ጉም ከተማውን አለበሰው። ከደጅ፣ ከበሩ ወዲያ፣ "እህም" ሲል ሰማሁ።

አላማተብኩም። ተነሥቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና "ግባ፣ አባየ" አልኩት። የገባ ጉም ብቻ ነው። እኔ ግን መቀመጫ አቀረብኩለት።